ሁለት አውራ ላላችሁ፦ አዳማ ያሰራሁት ባለ ሁለት ክፍል የዶሮ ቤት

ግቢያችሁ ውስጥ ከአንድ በላይ አውራ ዶሮ ያላችሁ አዳማዎች ይሄ ለናንተ ነው፣ እዚሁ ከተማ ብየዳ ቤት ስላሰራሁት ቤት ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ነው የምጽፈው።

እኔ ጋ አንድ ቀይ ሳሶ አንድ ገብስማ ኩኩ አለ (ሁለቱም የዶሮ ዘር ናቸው፣ ኩኩ ያው የደቡብ አፍሪካው ነው)፣ ሴቶቹ ደርዘን ቢሞሉ ነው። ለአንድ አውራ አስር አካባቢ ሴት ነው የሚመከረው፣ ሁለቱም አብረው ከዋሉ ሴቶቹ ያሳዝናሉ፣ የጀርባቸው ላባ ተነጭቶ ቆዳው ይታያል። አብረው ያደጉ አውራዎች ሰፊ ግቢ ካላቸው ይስማማሉ፣ የኔዎቹ ግን በተለያየ ጊዜ የመጡ ናቸው፣ አንዱን ለበዓል እረጂው የሚለኝ ሞልቷል እኔ ግን ዘራቸውን እፈልጋለሁ። እንቁላል ብቻ ለፈለገ አውራ ጭራሽ አያስፈልግም፣ ሴቷ ያለሱም ትጥላለች።

ቤቱን በጣም የወደድኩት ለመሃል ግድግዳው ነው። ብዙ ቦታ ከላይ እስከ ታች ሽቦ ብቻ ነው የሚያደርጉት፣ አውራዎቹ እየተያዩ በሽቦው ቀዳዳ ሲነቋቆሩ ይውላሉ አናታቸው ላይ ያለው ቀዩ ሥጋ በደም ይጨማለቃል። ይሄኛው እስከ ወገብ ላሜራ ከዛ በላይ ሽቦ ነው፣ ቆመው አይተያዩም አየሩ ግን ያልፋል፣ ጠቡ ቀርቷል። ጩኸቱ አይቀርም፣ ጎረቤት ያላችሁ አስቡበት።

ዘር ለመለየትም አሪፍ ነው። ሴቷ ከአውራው ከተለየች በኋላ እስከ ሁለት ሶስት ሳምንት ድረስ የሱን ዘር ይዛ ትቆያለች፣ ስለዚህ የኩኩ ጫጩት ስፈልግ ሴቶቹን ኩኩው ክፍል አስገብቼ ሶስት ሳምንት የሚጣለውን ለቤት እየተጠቀምኩ ከዛ በኋላ ያለውን ነው የማስታቅፈው፣ በ21 ቀኑ ሲፈለፈል የማን ልጅ እንደሆነ አልጠራጠርም።

ያልወደድኩት ደግሞ ቆጡን ነው፣ ክብ የብረት ቱቦ አድርገውታል ከፍም ብሏል። ሳሶ ከባድ ስለሆነ ከላይ ሲዘል መዳፉ ይጎዳል፣ ቆጥ ዝቅ ያለ ጠፍጣፋ እንጨት ነው መሆን ያለበት፣ አስቀይሬዋለሁ። ጣሪያውም ባዶ ቆርቆሮ ነው፣ የአዳማን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፣ ዶሮ ላብ የላትም አፏን ከፍታ ስታለከልክ ማየት በጣም ያስጨንቃል፣ ከስሩ ችፑድ አስመትቱ። መቀርቀሪያው ላላ ይላል፣ ሸለምጥማጥ ያለበት ሰፈር ከሆናችሁ ቁልፍ ጨምሩበት። ቀጠሮ ላይም "ነገ ነገ" እያሉ አመላልሰውኛል፣ ይሄ አልተመቸኝም።

ብየዳው ግን ጠንካራ ነው፣ ቱቦላሬውም ቀጭን አይደለም፣ ለሁለት አውራ ላሰራ ካላችሁ አሰሩ። የላሜራውን ከፍታ ብቻ አውራው አንገቱን ቀና አድርጎ ሲቆም ለክታችሁ ንገሯቸው፣ ኩኩውን የሚሸፍን ለሳሶው ላይበቃ ይችላል።