ተንሳፋፊው የኩሬ ማሞቂያ፦ ከአንድ የብርድ ወቅት አገልግሎት በኋላ

ይህ ባለ 150 ዋት ተንሳፋፊ ዕቃ ማሞቂያ ይባል እንጂ ኩሬ አያሞቅም። ሥራው ውሃው ከዳር እስከ ዳር በበረዶ እንዳይዘጋ አንዲት ቀዳዳ ክፍት አድርጎ ማቆየት ብቻ ነው። ከካርቶኑ ሳወጣው የሾርባ ሳህን የምታህል ሆና ስላገኘኋት ገንዘቤን የጣልኩ መስሎኝ ነበር፤ የተሳሳትኩት ግን እኔ ነኝ።

ውሃ ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሲደርስ ስለሆነ፣ ከዚያ በታች የቀዘቀዘው ወደ ላይ ወጥቶ በረዶ ሲሠራ ታችኛው ክፍል ሞቅ ብሎ ይቆያል፤ ኩሬው ጠለቅ ያለ እስከሆነ ድረስም ዓሦቹ እዚያው እንቅስቃሴያቸውን ቀንሰው ብርዱን ያሳልፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚገድላቸው መታፈኑ ነው። በረዶው ሲከደንባቸው ከሥር የሚበሰብሰው ቅጠል ኦክስጅኑን ይጨርሳል፣ ከብስባሹ የሚወጣውም ጋዝ መውጫ ያጣል። ጎልድፊሽ ኦክስጅን ሲያጣ በሰውነቱ የሚጠራቀመውን ላክቲክ አሲድ ወደ አልኮል ለውጦ በስንጥቡ በኩል ስለሚያስወጣ (በራሱ ሆድ ጠማቂ ነው ማለት ነው) ለጊዜው ይቋቋማል፤ ኮይ የሚባለው ባለ ቀለም የጌጥ ዓሣ ግን ይህን ያህል አይታገስም፣ የእኔዎቹም ኮይ ናቸው።

ብርዱ እጅግ በጠናበት ሳምንት ጠዋት ጠዋት ስወጣ የቀረው የኩሬው ገጽ ድንጋይ ሆኖ ሳለ፣ በማሞቂያው ዙሪያ ሁለት ስንዝር የሚሰፋ ጥቁር ውሃ ይታይ ነበር፤ ከላዩም ስስ እንፋሎት ይነሣል። ከዚያ በፊት የፈላ ውሃ የያዘ ድስት በረዶው ላይ እያስቀመጥኩ ነበር ቀዳዳ የማወጣው፣ በማግስቱም ተመልሶ ይዘጋል። በመዶሻ መስበርስ ጨርሶ አይሞከርም፤ የምቱ ግፊት በውሃው ውስጥ አልፎ ዓሦቹን ይጎዳል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከገመዱ ነው። ሦስት ሜትር ብቻ በመሆኑ ማራዘሚያ መጨመር ግድ ሆኖብኛል፤ ከውሃ አጠገብ የሚዘረጋ ማራዘሚያ ደግሞ እርጥበት የማያስገባና ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው ከሚቆርጥ መከላከያ ጋር የተያያዘ መሆን አለበት፤ ይህም ተጨማሪ ወጪ ነው። መሥራቱን የሚያሳይ ጠቋሚ መብራት ስለሌለው፣ ቴርሞስታቱ (በሙቀቱ መጠን የሚያበራውና የሚያጠፋው መቆጣጠሪያ) ውሃው ወደ በረዶነት ሲቃረብ ያስነሣው አያስነሣው ለማወቅ ሶኬቱ ላይ ቆጣሪ መሰካት ነበረብኝ። ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ ቢሠራ 3.6 ኪሎዋት ሰዓት ይበላል፤ ደግነቱ ቴርሞስታቱ በመለስተኛ ብርድ ያጠፋዋል። ነፋስ ወደ ዳር ገፍቶት የኩሬውን ላስቲክ ተደግፎ ስላገኘሁትም በሲባጎና በድንጋይ መሐል ላይ አስሬዋለሁ፤ አምራቹ ማሰሪያ ቢያበጅለት ምን ይጎዳው ነበር?

ዋጋው የሚቀንሰው የአየር ፓምፕም ቀላል ውርጭ ላይ ይሠራል፤ ሆኖም ከቱቦው ጫፍ ላይ አየር የሚረጨው ባለ ቀዳዳ ድንጋይ ወደ ታች ከወረደ ከሥር ያለውን ሞቅ ያለ ውሃ ከላይኛው ጋር ስለሚያደባልቀው ወደ ገጹ ቀረብ ብሎ መንጠልጠል ይገባዋል። ጥልቀቱ ከ60 ሴንቲሜትር ለሚያንስ ኩሬ ግን ሁለቱንም አልመክርም፤ እንዲህ ያለው ኩሬ በብርቱ ውርጭ እስከ ታች ሊቀዘቅዝ ስለሚችል ዓሦቹን ቤት ውስጥ ወዳለ ገንዳ ማዛወር ይሻላል። መመሪያው የዘለለው ሌላ ጉዳይም አለ፦ ውሃው ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ምግብ መስጠት ይቆማል፣ ቅጠሉም በረዶው ሳይመጣ በመረብ ይለቀማል።