ከዊንዶውስ ጋር የሚመጣው ዲፌንደር፦ ለሰሜን ሸዋ የቤት ኮምፒውተር ይበቃል ወይ?

ለአብዛኛው የቤት ኮምፒውተር አንቲቫይረስ ለብቻው ገዝቶ መጫን አያስፈልግም። ዊንዶውስ 10 ወይም 11 ያለበት ማሽን ሁሉ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር የሚባለውን መከላከያ ይዞ ይመጣል። ነፃ ነው፤ በየዓመቱ ይታደስ አይልም፤ የዶላር ካርድም አይጠይቅም። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ደብረ ብርሃን፣ ሸዋ ሮቢት ወይም መሐል ሜዳ ባለ ቤት ኢንተርኔቱ ብዙውን ጊዜ ከስልክ ነው የሚመጣው፤ ፋይል የሚዘዋወረው በፍላሽ ነው፤ ዊንዶውሱም በክራክ፣ ማለትም ፈቃድ ሳይገዛ በሚከፍት ፕሮግራም፣ የተጫነ ሆኖ ይገኛል። ሦስቱም ዲፌንደርን በየፊናቸው ያዳክሙታል። ሦስቱን ያስተካከለ ሰው ጥሩ ጠባቂ አለው። ያላስተካከለ ግን ሰዓቱ አጠገብ አረንጓዴ ምልክት ያላት ጋሻ እያየ ያለ ጠባቂ ሊቀመጥ ይችላል።

በመጀመሪያ ስለ አቅሙ። ኤቪ-ቴስት የተባለው የጀርመን የሙከራ ተቋም ለዲፌንደር በመከላከል ዘርፍ ሙሉውን 6 ነጥብ ደጋግሞ ሰጥቶታል። እዚህ ላይ ከሚከፈልባቸው አንቲቫይረሶች አያንስም። ነገር ግን የኦስትሪያው ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ ኢንተርኔት ሳይኖር የሚደረገውን ፍተሻ ለብቻው ይለካል፤ በዚህኛው ዲፌንደር ከብዙ ተፎካካሪዎቹ ወደ ኋላ ሲቀር ይታያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዲፌንደር አዲስ የሆነበትን ፋይል ሲያገኝ የማይክሮሶፍትን ሰርቨር በኢንተርኔት ይጠይቃል። መስመር ከሌለ የሚፈርደው ኮምፒውተሩ ላይ ባለው የታወቁ ቫይረሶች መዝገብ ብቻ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከኢንተርኔት ውጭ ለሚውል ማሽን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ ግን ልማድ ይፈልጋል። የሰው ፍላሽ ከመሰካትዎ በፊት የስልክዎን ሆትስፖት ያብሩ፤ ኮምፒውተሩን ያገናኙ፤ ከዚያ ፍላሹን ይሰኩ። ለዚህ ጥያቄና መልስ የሚወጣው ዳታ ትንሽ ነው። ዲፌንደር ሰርቨሩን እንዲጠይቅ የሚፈቅደው «ክላውድ ዴሊቨርድ ፕሮቴክሽን» የሚባለው ማብሪያ መብራቱንም ያረጋግጡ፤ ከጠፋ ሆትስፖቱ ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ክራኩ። ዊንዶውስን ወይም ኦፊስን በግድ አክቲቬት የሚያደርጉት ትንንሽ ፕሮግራሞች ሲጫኑ መጀመሪያ የሚጠይቁት ዲፌንደርን ማጥፋት ነው። ጫኚው ሥራውን ሲጨርስ መልሶ ያበራዋል፤ ጋሻዋም አረንጓዴ ትሆናለች። ዲፌንደር ክራኩን ተመልሶ እንዳያጠፋው ግን «ኤክስክሉዥንስ» በሚባለው፣ ዲፌንደር የማይፈትሻቸው ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ፎልደር ተመዝግቦ ይቀራል። አንዳንዴ የተመዘገበው ሲ ድራይቭ በሙሉ ነው። ይህ ማለት ዲፌንደር ይሠራል፤ ዋናውን ድራይቭ ግን አያይም። ይህን ማየት 1 ደቂቃ አይፈጅም። «ዊንዶውስ ሴኪዩሪቲ»ን ይክፈቱ፤ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን» ውስጥ ይግቡ፤ «ማኔጅ ሴቲንግስ» የሚለውን ይጫኑና እስከ ታች ይውረዱ፤ «አድ ኦር ሪሙቭ ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን ይክፈቱ። በቤት ኮምፒውተር ላይ ዝርዝሩ ባዶ መሆን አለበት። ያለውን ሁሉ ያስወግዱና «ፉል ስካን» ያስጀምሩ። እዚያው ገጽ ላይ «ታምፐር ፕሮቴክሽን» የሚባለው ካልበራ ያብሩት፤ ሌላ ፕሮግራም ተደብቆ ዲፌንደርን እንዳያጠፋ የሚከለክለው እሱ ነው።

ማብሪያው ደብዝዞ አልነካ ካለና «በአድሚኒስትሬተር የሚተዳደር ነው» የሚል ጽሑፍ ከታየ፣ የመሥሪያ ቤት ባልሆነ ማሽን ላይ ያ መጥፎ ምልክት ነው። አንድ ፕሮግራም ወይም ጫኚው ሕጉን ከውስጥ ለውጦታል። እንዲህ ያለውን ማሽን ከመጠጋገን ፋይልን አውጥቶ ዊንዶውሱን እንደ አዲስ መጫን ይሻላል። ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሆነ ባዶ ፍላሽና ከራሱ ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ የሚወርደው «ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል» ይበቃሉ። አክቲቬት ባይሆንስ? አክቲቬት ያልሆነ ዊንዶውስ የደኅንነት አፕዴት ያገኛል፤ ዲፌንደሩም ይሠራል። የሚቀርብዎት የስክሪን ምስልና ቀለም የመቀየር መብት ነው፤ ጥግ ላይም ማሳሰቢያ ጽሑፍ ይቀመጣል። በክራክ ከተከፈተ ኮምፒውተር ማሳሰቢያ ያለበት ንጹሕ ኮምፒውተር በብዙ ይበልጣል።

ጊዜው ያለፈበት ሌላ አንቲቫይረስም እንዲሁ ያሳውራል። ላፕቶፑ ሲገዛ ለሙከራ የተጫነ አንቲቫይረስ ካለ ዲፌንደር ቦታውን ለቆ ይቀመጣል። የሙከራው ጊዜ አልቆም ፕሮግራሙ እዚያው ካለ፣ ሁለቱም ሳይጠብቁ የሚቆዩበት ጊዜ ሊኖር ይችላል። «አፕስ» ውስጥ ገብተው ያራግፉት፤ ሪስታርት ያድርጉ፤ ዲፌንደር መመለሱን ጋሻዋን ከፍተው ይመልከቱ።

ፍላሽን በተመለከተ ዲፌንደር ያለው አንድ ድክመት ብዙ ሰው አያውቀውም። «ፉል ስካን» ሲባል የተሰካው ፍላሽም የሚፈተሽ ይመስላል። እንደተጫነ ባለበት ሁኔታ ግን ሙሉ ፍተሻው ተነቃይ ድራይቮችን አይጨምርም። ከፍላሹ ላይ ፋይል ሲከፈት ዲፌንደር ያንን ፋይል ያየዋል፤ ሳይከፈት የተቀመጠው ግን እንደተቀመጠ ይቀራል። ስለዚህ ፍላሹን ሳይከፍቱ በቀኙ የማውስ ቁልፍ ይጫኑበትና «ስካን ዊዝ ማይክሮሶፍት ዲፌንደር» የሚለውን ይምረጡ። ፍላሽ ሲሰካ በራሱ የሚከፍተውን «አውቶፕሌይ»ንም ከሴቲንግ ያጥፉት።

ከጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት በተመለሰ ፍላሽ ላይ በብዛት የሚታየው ፎልደሮችን ወደ ሾርትከት የሚቀይረው ቫይረስ ነው። ፎልደሩ ጠፍቶ አይደለም፤ ተደብቆ ነው። ቫይረሱ እውነተኛውን ፎልደር ይሸሽገውና በዚያው ስም ሾርትከት ያስቀምጣል። ሾርትከቱን ሁለቴ የጫነ ሰው ፎልደሩ ይከፈትለታል፤ በስተጀርባ ግን ቫይረሱ ወደ ኮምፒውተሩ ይገለበጣል። ስለዚህ ሾርትከቱን አይንኩ። በፋይል ኤክስፕሎረር «ቪው» ውስጥ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ያብሩ፤ ቀጥሎ «ኦፕሽንስ» ከፍተው «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለው ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ። ይህን ሁለተኛውን ስለሚዘሉት ነው ብዙዎች «ፋይሌ የለም» ብለው ፍላሹን ፎርማት የሚያደርጉት። የደበዘዘው ፎልደር ሲታይ ይግቡበትና ሰነዶቹንና ፎቶዎቹን ብቻ ወደ ኮምፒውተሩ ይቅዱ። ስሙ በ«ኤልኤንኬ» (.lnk)፣ በ«ቪቢኤስ» (.vbs) ወይም በ«ኢኤክስኢ» (.exe) የሚያልቅ ፋይል አይቅዱ። የተቀዳውን ያስፈትሹ፤ ፍላሹን ፎርማት ያድርጉት። ኮምፒውተሩ ራሱ ተይዞ ከሆነ የጸዳው ፍላሽ እንደተሰካ ሾርትከቱ ተመልሶ ይመጣል። ያኔ «ስካን ኦፕሽንስ» ውስጥ ያለውን «ኦፍላይን ስካን» ይጠቀሙ፤ ዊንዶውስ ሳይነሳ ይፈትሻል፤ 15 ደቂቃ ያህል ይወስዳል።

እዚያው «ቪው» ውስጥ ሳሉ «ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ»ንም ያብሩት። በቴሌግራም «የፈተና ውጤት» ወይም «የዲቪ ፎርም» ተብሎ የመጣ ፋይል ፒዲኤፍ ይሁን ፕሮግራም የሚለየው በስሙ መጨረሻ ነው፤ ዊንዶውስ ግን ያንን መጨረሻ ደብቆ ነው የሚመጣው። በነገራችን ላይ የአማርኛ መጻፊያ ፍለጋ ከማይታወቅ ገጽ ሶፍትዌር ማውረድም አያስፈልግም፤ ዊንዶውስ የራሱ የአማርኛ ኪቦርድ አለው፤ ከቋንቋ ሴቲንግ ይጨመራል።

የዲፌንደር መዝገብ በየቀኑ ከታደሰ የሚወርደው ትንሽ ነው። ለወራት ከተተወ ግን መዝገቡ እንደ አዲስ በሙሉ ይወርዳል፤ ያ ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው። የስልክ ሆትስፖትን ከዊንዶውስ ሴቲንግ «ሜትርድ ኮኔክሽን» (ዳታው የተለካ መስመር) ብለው ካስመዘገቡት፣ ማስመዝገብም ይገባል፣ ዊንዶውስ ጥቅሉን አይጨርስብዎትም። በዚያው ልክ ግን የዲፌንደር ዝመናም ሊዘገይ ስለሚችል «ፕሮቴክሽን አፕዴትስ» ውስጥ ገብተው በእጅ ያድሱት። የዊንዶውሱ ወርኃዊ አፕዴት የሚወጣው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው፤ መጠኑ ከበርካታ መቶ ሜጋባይት እስከ ጊጋባይት ይደርሳል። ለዚህ የሌሊት ጥቅል ይመረጣል።

ኢንተርኔት ለማይደርስበት ቤት ሌላ መንገድ አለ። ማይክሮሶፍት የዲፌንደርን ሙሉ መዝገብ በአንድ ፋይል ያቀርባል፤ ስሙ «ኤምፓም-ኤፍኢ» (mpam-fe) ነው። ከተማ ወርዶ መስመር ባለበት አውርዶ፣ በንጹሕ ፍላሽ ይዞ መመለስ ነው። ለማሽኑ የሚሆነውን መለየት ግድ ነው፤ ለአብዛኛው ባለ 64 ቢቱ ነው። ፋይሉን ሁለቴ ሲጫኑት ምንም መስኮት አይከፈትም፤ ምንም ጽሑፍ አይመጣም። አልሠራም ብለው አይተዉት። ጥቂት ደቂቃ ጠብቀው «ፕሮቴክሽን አፕዴትስ» ውስጥ ቀኑ መቀየሩን ይዩ። በ15 ቀን አንዴ ማድረግ ከምንም ይሻላል፤ በሳምንት አንዴ ቢሆን መልካም ነው።

ፍጥነት ላይ ዲፌንደር ቅሬታ ይበዛበታል፤ ግማሹ ቅሬታ እውነት ነው። 4 ጊጋባይት ራምና የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ያለው ማሽን ላይ ሙሉ ፍተሻ ሰዓታት ይወስዳል፤ በዚያ መሃል ዎርድ እንኳ መክፈት ያስመርራል። ፍተሻውን ማታ ያድርጉት፤ ዕለት ዕለት «ክዊክ ስካን» ይበቃል። ዘላቂው መድኃኒት ሃርድ ዲስኩን በ240 ወይም በ256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ መቀየር ነው። ለደጋው ሰው ደግሞ ተጨማሪ ምክንያት አለ። የብዙዎቹ ሃርድ ዲስኮች የሥራ ከፍታ ጣሪያ 3,048 ሜትር ነው፤ ምክንያቱም አንባቢው ክንድ ከሚሽከረከረው ሰሌዳ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው፤ አየር ሲሳሳ ይቀርበዋል። ከ3,000 ሜትር በላይ የሆኑት የመንዝ ቦታዎች እዚያው ጣሪያ ላይ ናቸው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም።

ፍተሻ መሃል ላይ ኮምፒውተሩ ድርግም ብሎ ከጠፋ ብዙ ሰው ቫይረሱ ነው ያጠፋው ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት ነው። ሙሉ ፍተሻ ፕሮሰሰሩን ለረጅም ጊዜ ያሠራል፤ ማቀዝቀዣው በአቧራ ከታፈነ ማሽኑ ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ሸዋ ሮቢት ቆላው ላይ ይህ ይበረታል። ማሽኑን አጥፍተው፣ ከመብራት ነቅለው፣ የፋኑን ክንፍ በጣት ይዘው በለስላሳ ብሩሽና በአየር መንፊያ ያጽዱት። ፋኑ ሳይያዝ ከተነፋ ከልክ በላይ ይሽከረከርና ይጎዳል። በዓመት 2 ጊዜ ማጽዳት ይበቃል፤ በር ከመንገድ ፊት ለፊት ከሆነ ግን ይጨምሩ።

መብራት ሲጠፋ የተቋረጠ ፍተሻ ጉዳት የለውም፤ እንደገና ይጀመራል። የተቋረጠ የዊንዶውስ አፕዴት ግን ማሽኑ እንዳይነሳ ሊያደርግ ይችላል። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ከግማሽ በላይ ሳይሞላ አፕዴት አይጀምሩ። ለዴስክቶፕ 650 ቪኤ የሆነ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያ) ለጥቂት ደቂቃ ይይዛል፤ በሥርዓት ለመዝጋት ያ በቂ ነው። ስታቢላይዘር የሚያስተካክለው የመብራቱን ከፍና ዝቅ ማለት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ምንም አይይዝም።

ፋይልን ቆልፎ ገንዘብ ለሚጠይቀው ራንሰምዌር ዲፌንደር «ኮንትሮልድ ፎልደር አክሰስ» የሚባል ጥሩ መከላከያ አለው፤ ግን ጠፍቶ ነው የሚመጣው። ሲበራ የማይታወቅ ፕሮግራም ዶክዩመንት፣ ፎቶና ቪዲዮ ፎልደር ውስጥ ያለውን ፋይል እንዳይቀይር ይከለክላል። አንዳንድ ጤነኛ ፕሮግራምም ይከለክልብዎታል፤ ያን ጊዜ መከላከያውን ከማጥፋት ያንን ፕሮግራም ብቻ ይፍቀዱ። ያም ሆኖ የልጆች ፎቶና የትምህርት ማስረጃ በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ሌላ ቅጂ ሊኖረው ይገባል። ሲገለበጥ ብቻ ይሰካ፤ ሲያልቅ ይነቀል። ተሰክቶ የሚውል ቅጂ ከኮምፒውተሩ ጋር አብሮ ይቆለፋል።

ክሮምን የሚጠቀም ሰው አንድ ነገር ይወቅ። አስመሳይ ድረ ገጾችን የሚያግደው የማይክሮሶፍቱ «ስማርትስክሪን» በሙሉ አቅሙ የሚሠራው በኤጅ ውስጥ ነው። በክሮም የራሱን «ሴፍ ብራውዚንግ» ያብሩ።

ዕድሜን በተመለከተ፣ የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የተመዘገበ የቤት ተጠቃሚ የደኅንነት አፕዴት እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም. ያገኛል፤ የዲፌንደር መዝገብ ደግሞ እስከ ጥቅምት 2021 ዓ.ም. እንደሚቀጥል ማይክሮሶፍት አስታውቋል። መዝገቡ መታደሱ ግን በዊንዶውሱ ላይ የተከፈተውን ቀዳዳ አይደፍንም። ወደ 11 ለመሻገር ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ያስፈልጋል፤ ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ ከ8ኛ ትውልድ ጀምሮ መሆን አለበት። ላፕቶፕ የሚገዛ ሰው ሻጩን መጀመሪያ የትውልዱን ቁጥር ይጠይቅ።

ዊንዶውስ 7 ላይ ግን ዲፌንደር የሚለውን ስም አይተው አይመኑ። እዚያ ላይ ያለው ሰላይ ፕሮግራሞችን ብቻ የሚፈልግ ነው፤ ቫይረስ አይከላከልም። ዲፌንደር ሙሉ አንቲቫይረስ የሆነው ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ነው። እንዲህ ያለ አሮጌ ማሽን 4 ጊጋባይት ራም ካለው በዊንዶውስ ምትክ ሊኑክስ ሚንት የተባለው ነፃ ሲስተም ሊጫንበት ይችላል፤ ለጽሑፍ፣ ለኢንተርኔትና ለልጆች ትምህርት ይሆናል፤ ክራክ አይጠይቅም፤ የሾርትከት ቫይረሱም እዚያ ላይ አይነሳም።