የማርኬት የሕዝብ አስተያየት ጥናት፦ ለዊስኮንሲን አገረ ገዥ ምርጫ ምን ያህል ይጠቅማል?

በአሜሪካዋ የዊስኮንሲን ስቴት ምርጫ ሲቃረብ ስሙ በብዛት የሚነሳው ጥናት የማርኬት ነው። ሚልዋኪ ያለው የማርኬት ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ከ2012 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የስቴቱን መራጮች እየጠየቀ ውጤቱን በድረ ገጹ ያወጣል። ክፍያ የለውም። ጥያቄዎቹ ቃል በቃል፣ መልሶቹ ከነመቶኛቸው፣ አሠራሩም ጭምር እዚያው ተቀምጧል። ኖቬምበር 3, 2026 የስቴቱ አገረ ገዥ ስለሚመረጥ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ጥናት ይታመናል ወይ?

የኔ መልስ፦ አዎ፣ ግን ብዙ ሰው ለሚፈልግበት ነገር አይደለም። ብዙ ሰው የሚፈልገው ማን እየመራ እንደሆነ ነው። ጥናቱ ደግሞ ጎበዝ የሆነው መራጩ ማንን እንደሚያውቅና ምን እንደሚያሳስበው በመናገር ነው።

በመጀመሪያ ያለፈውን እንይ። በ2012 የወቅቱን ሪፐብሊካን አገረ ገዥ ስኮት ዎከርን ከሥልጣን ለማንሳት በተጠራው ምርጫ ማርኬት ዎከር በ7 መቶኛ ነጥብ ይመራል አለ፣ ሰውየውም በ7 ገደማ አሸነፈ። በ2014 የአገረ ገዥ ምርጫም ዎከር ያው በ7 ይመራል ብሎ ውጤቱ ወደ 6 የሚጠጋ ሆነ። ከዚያ የ2016 የፕሬዚዳንት ምርጫ መጣ። የመጨረሻው ጥናት ሂላሪ ክሊንተንን በ6 ነጥብ አስቀድሞ ዶናልድ ትራምፕ ከ1 ነጥብ ባነሰ ልዩነት ስቴቱን ወሰደ። ይሄ ትልቅ ስህተት ነው፣ መሸፋፈንም አያስፈልግም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የዚያ ጥናት ቃለ መጠይቅ ያለቀው ኦክቶበር 31 ላይ ነው። ምርጫው ደግሞ ኖቬምበር 8። በመሃል አንድ ሙሉ ሳምንት አለ፣ እስከ መጨረሻው ሲያመነታ ቆይቶ የወሰነው ሰው በብዛት ወደ ትራምፕ ነው የሄደው።

ወደ ኋለኞቹ የአገረ ገዥ ምርጫዎች ስንመጣ፣ በ2018 ማርኬት ዴሞክራቱ ቶኒ ኤቨርስና ዎከር 47 ለ47 እኩል ናቸው ብሎ ጨረሰ። ኤቨርስ በ1 ነጥብ ገደማ፣ ከ30,000 ባነሰ ድምፅ አሸነፈ። በ2022ም ኤቨርስና ሪፐብሊካኑ ቲም ማይክልስ 48 ለ48 ተባሉ፣ ኤቨርስ ከ3 ነጥብ በላይ አሸነፈ። አንዳንዱ ይሄንን አይቶ «ተሳሳቱ» ይላል። እኔ አልልም። ጥናቱ የሚያናግረው ብዙ ጊዜ 800 ገደማ ሰው ነው፣ ለዚህ ዓይነት ናሙና የሚሰጠው የስህተት ልክ ደግሞ ወደላይም ወደታችም 4 ነጥብ አካባቢ ነው። ይሄ ለእያንዳንዱ ዕጩ ለየብቻው ማለት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ላይ ሲመጣ ስህተቱ እጥፍ ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ «እኩል ናቸው» ሲል «ተቀራራቢ ናቸው፣ ከዚህ በላይ ማየት አልችልም» እያለ ነው። በ1 ነጥብ የሚያልቅ ምርጫ ላይ አሸናፊውን ንገሩን ማለት ከአቅሙ በላይ መጠየቅ ነው።

አሁን ወደሚጠቅመው ልግባ። ማርኬት ስለ እያንዳንዱ ፖለቲከኛ ሲጠይቅ «ትወደዋለህ ወይስ አትወደውም» ብሎ አያበቃም። «ስለሱ በቂ አልሰማሁም» የሚል መልስም አለ። በዚህ ምርጫ ከሁሉም ቀድሞ መታየት ያለበት እሱ ነው ባይ ነኝ። ኤቨርስ ለሦስተኛ ጊዜ አልወዳደርም ብሏል፣ በሥልጣን ላይ ያለ አገረ ገዥ የማይወዳደርበት ምርጫ ደግሞ ከ2010 ወዲህ ይሄ የመጀመሪያው ነው። በ2025 መኸር ላይ በወጣው ጥናት በዴሞክራቱም በሪፐብሊካኑም በኩል አብዛኛው መራጭ ማንን እንደሚመርጥ ገና አልወሰነም ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ አንድ ዕጩ ጥቂት ነጥብ ቀድሞ ሲታይ «መሪነቱን ያዘ» የሚል ርዕስ ይወጣል። መራ የተባለው ግን ስሙ ስለሚታወቅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያንን የምታውቁት «አልሰማሁም» ያለውን ሰው ብዛት ስታዩ ነው። ብዙ ሰው የማያውቀው ዕጩ ገና ቦታ አለው። ሁሉም አውቆት ግማሹ የማይወደው ዕጩ ግን በጣም ከባድ ሥራ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው የምወደው ክፍል በየጊዜው እየደጋገሙ የሚጠይቁት ጥያቄ ነው። ከነዚህ አንዱ «የንብረት ግብር መቀነስ ይበልጣል ወይስ ለመንግሥት ትምህርት ቤቶች ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣት?» የሚለው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ብዙኃኑ ትምህርት ቤት ይበልጣል ይል ነበር። አሁን ሚዛኑ ወደ ግብር ቅነሳ ዞሯል። ይሄ ለአገረ ገዥ ምርጫ ተራ ነገር አይደለም። የዊስኮንሲን አገረ ገዥ ከበጀት ሕግ ላይ ቃልና ቁጥር እየመረጠ የመሰረዝ ሥልጣን አለው። በ2023 ኤቨርስ ምን አደረገ፣ «2024-25» ከሚለው ላይ 20ውንና ጭረቷን ሰርዞ «2425» አደረገው። ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ለአንድ ተማሪ 325 ዶላር ተጨማሪ ገቢ የመሰብሰብ መብታቸው በዚህች ስረዛ ለ400 ዓመት ተራዘመ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2025 የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 4 ለ3 አጸናው። ስቴቱ ያንን ገንዘብ ካልሸፈነ ደግሞ የሚዞረው ወደ ቤት ባለቤቱ የንብረት ግብር ነው። እንግዲህ መራጩ በዚህ ጥያቄ ላይ ሐሳቡን መቀየሩ ስለ መጪው አገረ ገዥ የሚነግራችሁ ነገር፣ ማን በ2 ነጥብ ቀደመ ከሚለው ይበልጣል።

ደስ የማይለኝም አለ። ውጤቱ በክልል ተከፋፍሎ ይወጣል፦ ሚልዋኪ ከተማ፣ የሚልዋኪ ዙሪያ፣ ማዲሰን፣ ግሪን ቤይና አፕልተን፣ የቀረው ስቴት። ሲያዩት ያጓጓል። ግን 800ውን ሰው እንዲህ ስትከፋፍሉት ለሚልዋኪ ከተማ የሚደርሰው በጣም ጥቂት ነው። የዛሬውን ካለፈው ጋር አነጻጽሮ «ሚልዋኪ ተቀየረች» ማለት አይቻልም፣ ጋዜጠኞች ግን ይላሉ። ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ ደምሮ ማየት ይሻላል፣ እሱን ግን ተራ አንባቢ ተቀምጦ እንዲሠራ መጠበቅ ይከብዳል።

ለኦገስት 11ዱ የፓርቲ ቅድመ ምርጫ ደግሞ ተጨማሪ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ዊስኮንሲን ውስጥ መራጭ ሲመዘገብ ፓርቲ አይመርጥም። በዕለቱ የሁሉንም ፓርቲ ዕጩዎች የያዘ ወረቀት ይሰጠዋል፣ በምስጢር የአንዱን ፓርቲ ብቻ መርጦ ድምፁን ይሰጣል። ማርኬት ደግሞ ሰውዬውን ከመጠየቅ ሌላ በየትኛው ፓርቲ እንደሚሰለፍ የሚያረጋግጥበት መዝገብ የለውም። ተሳታፊው ከዋናው ምርጫ በጣም ስለሚያንስም ማን ወጥቶ እንደሚመርጥ መገመት ራሱ አስቸጋሪ ነው።

ሌላው፣ «የተመዘገቡ መራጮች» እና «ድምፅ ይሰጣሉ ተብለው የሚገመቱ» የሚሉት ሁለት ቁጥሮች አንድ አይደሉም። ምርጫው ሲቃረብ ሁለቱም ጎን ለጎን ይወጣሉ፣ ሰው ደግሞ ለወገኑ የሚመቸውን መርጦ ያጋራል። እኔ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የማየው ሁለተኛውን ነው።

የጥናቱ ዳይሬክተር ቻርልስ ፍራንክሊን ውጤቱን ራሳቸው በቀጥታ ስርጭት ሲያብራሩ ማየት እመክራለሁ። ቁጥሩ ምን እንደማይናገርም ይናገራሉ፣ ይሄን የሚያደርግ ጥቂት ነው። ዊስኮንሲን ነዋሪና የተመዘገባችሁ ከሆነ ደግሞ፣ አንድ ቀን በእውነት ከማርኬት የመጣ ጥያቄ ቢደርሳችሁ ጊዜ ሰጥታችሁ መልሱ። በተለይ ሚልዋኪ ያላችሁ፣ በየጥናቱ የከተማችሁን ድምፅ ይዘው የሚቀርቡት በጣት የሚቆጠሩ ሰዎች ናቸው።