የክረምት ዋና ከሥራ በፊት፦ የሂልተን ገንዳ

በሐምሌ ብርድ ዋናውን ማቋረጥ ለማይፈልግ ሠራተኛ፣ መሃል አዲስ አበባ ላይ የሂልተን ገንዳ ተመራጭ ነው። ምክንያቱ ውሃው ነው፤ ከከርሰ ምድር የሚወጣ ፍል ውሃ ስለሆነ ዝናብ እየወረደም ይዋኛል። መብረቅ ካለ ግን ወዲያው መውጣት ነው።

ገንዳው የመስቀል ቅርጽ አለው። ለዓይን በጣም ያምራል፤ ርቀት ለሚቆጥር ዋናተኛ ግን አይመችም። ረጅሙን ክንድ ይዞ መመላለስና በሜትር ሳይሆን በደቂቃ መለካት ይሻላል፤ 25 ደቂቃ ይበቃል። ሙቅ ውሃ ውስጥም ሰውነት ያልበዋል፣ ላቡ ግን አይታወቅም። ከተማው ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ነውና ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ግማሽ ሊትር ውሃ አስቀድሞ መጠጣት፣ ፍጥነቱንም መቀነስ ነው።

የዋና መነጽር እዚህ ቶሎ ይደበዝዛል፦ ፊት ይግላል፣ መስታወቱን የጠዋቱ አየር ያቀዘቅዘዋል። ውስጡን በጣት መጥረግ ያባብሰዋል። አንድ ጠብታ የሕፃናት ሻምፑ ቀብቶ ለቅለቅ ማድረግ ይፈታዋል።

2:30 ቢሮ የሚገባ ሰው 1:30 ላይ ከውሃው ይውጣ። ጊዜ የሚበላው ፀጉር ነው፤ ሹሩባ ከሆነማ ሁለተኛ ደረቅ ፎጣ ያስፈልጋል፣ ካዛንቺስ ላይ ታክሲ ሲጠበቅ ነፋሱ አይምርም።