«ለጀልባ የተሠራ ነው» ብለው የመኪና ኢንተርኩለር እንዳይሸጡላችሁ

1,400 ዶላር የከፈልኩበት ኢንተርኩለር (ወደ ሞተር የሚገባ አየር ማቀዝቀዣ) በአራተኛው ቅዳሜ ሞተሬን ውኃ አጠጥቶ ገደለው። ሻጩ ስልኬን ማንሣት ካቆመ ሰነበተ። የእኔ ገንዘብ ሄዷል፤ ይህን የምጽፈው በላስ ቬጋስም ሆነ በሌላ ከተማ ጀልባ ገዝታችሁ ሞተሩን ለማጎልበት የምታስቡ ወገኖች የእናንተም እንዳይከተለው ነው።

ጀልባዋ የሦስት ጓደኛሞች ናት። የዕቁብ ገንዘብ አዋጥተን የገዛናት ባለ 24 ጫማ የፍጥነት ጀልባ ስትሆን፣ 8.1 ሊትር ቪ8 ሞተሯ ላይ የቀድሞው ባለቤት ሱፐርቻርጀር ጭኖበታል። በሞተሩ ቺንጊያ እየዞረ አየር አፍኖ ወደ ሲሊንደር የሚገፋ መሣሪያ ነው። አየር ሲታፈን ይግላል። በሰኔና በሐምሌ እዚህ በረሃ ውስጥ 40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሆነ አየር በ7 ፒኤስአይ ግፊት ሲጨመቅ በስሌት ወደ 95 ዲግሪ ይጠጋል። እንዲህ የጋለ አየር ሲገባ፣ በኔቫዳ ማደያዎች በምናገኘው ባለ 91 ኦክቴን ቤንዚን፣ ነዳጁ ያለ ሰዓቱ እየፈነዳ ፒስተኑን ይቀጠቅጠዋል። ኢንተርኩለር የሚያስፈልገው አየሩን ወደ ሞተሩ ከመግባቱ በፊት ለማቀዝቀዝ ነው። ስለዚህ መፈለጌ ስሕተት አልነበረም። የተሳሳትኩት አመራረጤ ላይ ነው።

ማስታወቂያው «ለጀልባ የተሠራ፣ በጣፋጭ (ጨው በሌለበት) ውኃ ብቻ ያገለገለ፣ እስከ 1,000 የፈረስ ጉልበት የሚችል፣ አየሩን ከ25 ዲግሪ በታች የሚያወርድ» ይላል። እዚያው ላይ መንቃት ነበረብኝ። የጀልባ ኢንተርኩለር አየሩን የሚያቀዘቅዘው ከሐይቁ በሚሳብ ውኃ ነው፤ በሐምሌ ደግሞ የእኛ ሐይቅ የሌክ ሜድ የላይኛው ውኃ ራሱ 28 ዲግሪ አካባቢ ነው። በ28 ዲግሪ ውኃ የሚቀዘቅዝ አየር እንዴት ብሎ 25 ይገባል? በረዶ ካልጨመሩበት በስተቀር፣ ከሚያቀዘቅዘው ውኃ በታች የሚወርድ ነገር የለም። በአየሩና በውኃው መካከል ካለው የሙቀት ልዩነት 70 በመቶውን የሚያስቀር ኢንተርኩለር ጥሩ ነው፤ በእኛ ሁኔታ 95ቱን ወደ 48 ዲግሪ ያወርደዋል ማለት ነው። ይህ ብቻውን የአየሩን እፍግታ ከ10 በመቶ በላይ ይጨምረዋል። ከዚህ በላይ የሚምልላችሁ ሰው ወይ አያውቅም፣ ወይ ያውቃል።

ሶማሌ ተራ ያገለገለ ዕቃ ሲገላበጥ እያየሁ ያደግሁ ሰው ነኝ። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ዕቃ ምን እንደሚደብቅ ለእኔ ሊነግረኝ የሚችል የለም ባይ ነበርኩ። ሰውየው ጋራዥ ስደርስ ኢንተርኩለሩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ ገና ቀለም ቀለም የሚል። ውኃ በሚገባበትና በሚወጣበት አፍ ላይ የነሐስ ማያያዣ ተሰክቶበታል። ጣቴን ወደ አንዱ አፍ ሰድጄ ሳወጣው ጫፉ ላይ ነጭ ዱቄት ነበር። «የካልሲየም ነው፣ የኮሎራዶ ውኃ ያው ታውቀዋለህ» አለኝ፤ ሐይቃችንን የሚሞላውን ወንዝ ማለቱ ነው። ውኃችን ጠጣር መሆኑ እውነት ስለሆነ አመንኩት። በሬው ሳሩን አየ እንጂ ገደሉን አላየም።

ዱቄቱ የተበላ አሉሚኒየም ነበር። ዕቃው በመጀመሪያ የመኪና ነው። መኪና ላይ ይህ ዓይነቱ ኢንተርኩለር የሚሠራው በተዘጋ መስመር ነው፤ ያው አንድ ውኃ ከፀረ ዝገት ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ በትንሽ ፓምፕ ይዞራል፣ በራዲያተር ይቀዘቅዛል፣ ተመልሶ ይመጣል። አሉሚኒየም እዚያ ዕድሜ ልኩን ይኖራል። ጀልባ ግን ሐይቁን ራሱን ነው የሚስበው፤ ደለሉን፣ ማዕድኑን፣ በባሕር ላይ ከሆነ ጨዉን ጭምር። በዚያ ላይ ሰውየው የነሐስ ማያያዣ ሰክቶበታል። ነሐስና አሉሚኒየም ተነካክተው ውኃ ውስጥ ሲዋሉ አንዱ ሌላውን ይበላል፤ የሚበላው ደግሞ ሁልጊዜ አሉሚኒየሙ ነው።

ሦስት ቅዳሜ በደንብ ነዳን። በአራተኛው ከሄመንዌይ ወደብ ተነሥተን አንድ ጥላ ያለበት ጥግ ገባን፤ ሞተሩን አጥፍተን ምሳ በላን፣ ዋኘን። ከአንድ ሰዓት በኋላ ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ «ግጭ» ብሎ ቆመ። ባትሪ መስሎኝ ደገምኩት። ያ ሁለተኛው ነው ያጠፋኝ። ኢንተርኩለሩ ከሱፐርቻርጀሩ ሥር፣ ከሲሊንደሮቹ በላይ ነው የሚቀመጠው፤ ሆዱ ውስጥ የቀረው ውኃ በተበሳው ቀዳዳ ጠብ ጠብ እያለ አንዱን ሲሊንደር ሞልቶታል። ውኃ አይጨመቅም። ሌሎቹ ሲሊንደሮች ሲነሡ የዚያን ቢዬላ (ፒስተኑን የሚይዘውን ዘንግ) አጎበጡት። ካንዴላዎቹን ፈትተን ስናዞረው ከሦስተኛው ቀዳዳ የወጣው ውኃ የጓደኛዬን ሸሚዝ አበሰበሰው። ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅሁም፤ ሌላ ጀልባ ጎትቶን ወደብ እስክንደርስ ቃል አልወጣኝም። ሞተሩን ለማስከፈትና ለማስጠገን 6,800 ዶላር ወጣ።

አሁን ብገዛ የማደርገውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ የማነሣው ጥያቄ የፈረስ ጉልበቱን አይደለም፤ ያንን ቁጥር ማንም ወረቀት ላይ ይጽፈዋል። ውኃ የሚያልፍበት ቱቦ ከምን እንደተሠራ ነው የምጠይቀው። ለጨው ውኃ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ነው የሚታመነው፤ «አሉሚኒየም ነው፣ ግን ተለብጧል» ካሉኝ ተሰናብቼ እወጣለሁ። ከካሊፎርኒያ ዳርቻ የመጣ ያገለገለ ዕቃ «ጣፋጭ ውኃ ብቻ» ሲባልም አላምንም።

ቀጥሎ ግፊት አስፈትሻለሁ። የውኃውን አንድ አፍ ደፍኖ፣ በሌላው 30 ፒኤስአይ ያህል አየር ሞልቶ፣ ውኃ ያለበት በርሜል ውስጥ መንከር ነው። አንድ አረፋ ከወጣ ዕቃው ቆሻሻ ነው። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ሻጩ ካልፈቀደ መልሱን ሰጥቷችኋል። 30 ፒኤስአይ ደግሞ ብዙ እንዳይመስላችሁ። ጀልባ በሰዓት 60 ማይል ስትሄድ ከሥሯ ያለው የውኃ መሳቢያ ፊት ለፊት የሚገጥመው ግፊት በስሌት ከ50 ፒኤስአይ ያልፋል። ለዚህ ነው ግፊት መቀነሻ የሚያስፈልገው፤ የእኔ ሻጭ ስለ እርሱ ትንፍሽ አላለም።

ቪዲዮም አታሳዩኝ። የተላከልኝ ቪዲዮ ላይ የግፊት መለኪያው 7 ፒኤስአይ ያነብባል፤ ደስ ይላል። በኋላ ሳጣራ መለኪያው የተገጠመው ከኢንተርኩለሩ በፊት ነው። ወደ ሞተሩ የሚገባው ስንት እንደሆነ የሚታወቀው ከኋላው ሲለካ ነው። የእኛ 4 ተኩል ነበር። ጠባብ ስለሆነ 2 ተኩሉን ራሱ ይበላዋል፤ ሱፐርቻርጀሩ አየር ለማፈን የሞተር ጉልበት ይጨርሳል፣ ኢንተርኩለሩ ደግሞ መልሶ ያባክነዋል። ከእጅ አይሻል ዶማ ይሏል ይህ ነው። በፊትና በኋላው መካከል ከ1 ፒኤስአይ ብዙ የማይበልጥ ልዩነት ያለውን ፈልጉ።

ለሌክ ሜድ ሰዎች አንድ ነገር ልጨምር። ኳጋ የምትባለው ትንሽ፣ ባለ ሁለት ክፋይ ዛጎል የውኃ እንስሳ በፈረንጆች ጃንዋሪ 2007 ሐይቃችን ውስጥ ተገኝታለች፤ አሁንም አለች። ጠባብ የውኃ ቱቦ ውስጥ ከተጣበቀች ታፍነዋለች። ከኢንተርኩለሩ በፊት ማጣሪያ ይኑራችሁ፤ ከውኃ ስትወጡም ሁሉንም አድርቁ።

ክፍያውን በስልክ በቀጥታ ነው ያስተላለፍኩት። በክሬዲት ካርድ ቢሆን ቢያንስ ለባንኩ አቤት የምልበት መንገድ ነበረኝ። ደረሰኙ ላይ «እንዳለ የተሸጠ»፣ ማለትም ጉድለቱ የገዢው ነው፣ የሚል ቃል በደቃቅ ጽሑፍ ሰፍሮ ኖሮ፣ ያየሁት ቤቴ ገብቼ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ጎረቤቴ ጋራዤ ውስጥ አይቶት «ቀለሙ እኮ ጥሩ ነው፣ በ200 ዶላር ስጠኝ» አለኝ። እፊቱ በመጋዝ ለሁለት ቆረጥኩት። ውስጡ እንደ ወንፊት ነበር።