ምትክ መምህራንን ከትምህርት ቤቶች ጋር የሚያገናኝ ኤጀንሲ፦ ከውጭ አገር የተመለሰ መምህር ግምገማ

ለዓመታት በውጭ አገር አስተምሬ ወደ አገሬ ስመለስ የትምህርት ዘመኑ ተጋምሶ ስለነበር ቋሚ ቅጥር ማግኘት አልተቻለም። ስለዚህ በሕመም፣ በወሊድ ፈቃድ ወይም በሥልጠና ምክንያት ከክፍል በሚቀሩ መምህራን ቦታ ምትክ መምህራንን በሚልክ አንድ ኤጀንሲ ተመዘገብኩ።

የኤጀንሲው ትልቁ ብርታት የሰነድ ሥራው ነው። ከውጭ የተመለሰን መምህር ከሁሉ በላይ የሚያጉላላው፣ ከኖረበት አገር ፖሊስ ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲያመጣ መጠየቁ ነው። ሕፃናት በአደራ የሚሰጡት ሰው ማንነቱ ሊጣራ ስለሚገባ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ሆኖም እዚያው ሳሉ ብዙ ሳይደክሙ የሚያወጡት ወረቀት ከተመለሱ በኋላ የጣት አሻራ ወደ ውጭ መላክንና ኤምባሲ መመላለስን ሊያስከትል ይችላል። የመዝገብ ሠራተኛዋ ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የጎደለውን ለየችልኝ፤ ሰነዱን የሰጠው አገርና ሰነዱ የሚቀርብበት አገር እ.ኤ.አ. የ1961ዱን የሄግ ስምምነት ተቀብለው በመካከላቸው የሚሠራበት ከሆነ አፖስቲል የሚባለው ማረጋገጫ ብቻ እንደሚበቃ፣ ካልሆነ ግን በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤትና በኤምባሲ በኩል ማረጋገጥ ግድ እንደሚሆን በግልጽ አስረዳችኝ። ቀደም ሲል ያነጋገርኩት ሌላ ኤጀንሲ የውጭ ልምዴን ከቁጥር ሳያስገባ እንደ ጀማሪ ሊመዘግበኝ ነበር፤ ይህኛው ግን ለቀድሞ ርዕሰ መምህሬ ጽፎ ምስክርነት ተቀበለ፣ ልምዴንም ሙሉ በሙሉ ያዘልኝ። ለእኔ ይህ ከክፍያውም የሚበልጥ አክብሮት ነው።

ደካማ ጎኑ የማለዳው ጥሪ ነው። ደዋዩ የትምህርት ቤቱን ስምና የመግቢያውን ሰዓት ይናገራል እንጂ የክፍል ደረጃውን፣ የትምህርቱን ዓይነትና ዕለታዊ ዕቅዱ ከማን እጅ እንደሚገኝ አይነግርም። አንድ ቀን ክፍል ስገባ ሰሌዳው ላይ በግማሽ የቀረ የክፍልፋይ ስሌት አገኘሁ፤ የት እንደደረሱ የነገረኝ ከፊት የተቀመጠ ተማሪ ነበር። ውጭ አገር ሳለ መጻሕፍቱ ለተለወጡበት ተመላሽ መምህር ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም፤ ተማሪዎቹም አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይባክንባቸዋል።

ክፍያው ለተሠራበት ቀን ብቻ ነው፤ በዕረፍት ወራት ገቢ የለም። ይህንን ውሉ በግልጽ ስላስቀመጠው አልወቅሰውም። ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ ምትኩን በቋሚነት መቅጠር ቢፈልግ ለኤጀንሲው ክፍያ እንዲፈጽም የሚያስገድድ አንቀጽ ውሉ ውስጥ አለ። ዓላማው ቋሚ ሥራ የሆነ ሰው ይህ አንቀጽ የሚጸናበትን ጊዜ ከመፈረሙ በፊት ጠይቆ በጽሑፍ ይያዝ።

እኔ አሁንም በዚሁ ኤጀንሲ በኩል እሠራለሁ። የማለዳው ጥሪ የክፍል ደረጃውንና ትምህርቱን እንዲጨምር በደብዳቤ ጠይቄአለሁ፤ እስካሁን ግን አልተስተካከለም።