«ፓክድ ነው» ተብዬ የገዛሁት ሃርድ ዲስክ 31,412 ሰዓት ሠርቶ ነበር

ሰሞኑን ሃርድ ዲስክ ልትገዙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ብሩን ከማስተላለፋችሁ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

ከሁለት ወር በፊት ለዴስክቶፔ ባለ 2 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ገዛሁ፤ 8,500 ብር። ብርማ ከረጢቱ ውስጥ እንደታሸገ ነው። «ፓክድ ነው ወንድሜ፣ የሰው እጅ አልነካውም» አለኝ ሻጩ። ደረሰኝ ስለው ቢዝነስ ካርዱን ሰጠኝ። «ችግር ካለ ደውል፣ እኛ የትም አንሄድም።» እኔ ሞኙ ካርዱን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

ስድስት ሳምንት ያህል ሰላም ነበር። የልጆቼን ፎቶ፣ የእህቴን የሠርግ ቪዲዮ፣ ያለኝን ሁሉ ወደ እሱ ገለበጥኩ። አንድ ማታ የሠርጉን ፎልደር ስከፍት ኮምፒውተሩ ድርቅ አለ። ማውሱ ይንቀሳቀሳል፣ ሌላው አይነቃነቅም። ከሁለት ደቂቃ በኋላ ምንም እንዳልሆነ ተመለሰ። በማግስቱም እንዲሁ። ኮፒ ሳደርግ ፍጥነቱ ወርዶ ወርዶ ዜሮ ላይ ይቆማል፣ ከዚያ ደግሞ ይነሳል። በሦስተኛው ቀን ድምፅ መጣ። ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ። ዝም። ደግሞ ጠቅ። ጆሮዬን ኬዙ ላይ ለጥፌ ሳዳምጥ ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ።

ሻጩ ጋ ደወልኩ። «ቫይረስ ነው፣ ፎርማት አድርገው» አለኝ።

እንዳትሰሙት! እንዲህ የሚያቃስት ዲስክ በፎርማት አይድንም፤ የሚጠፋው ፋይላችሁ ነው። ዊንዶውስ ራሱ «ዲስኩ ስህተት አለበት፣ ልፈትሸው?» ቢላችሁም አትቸኩሉ። ይሄ ቼክ ዲስክ የሚባለው የዊንዶውስ መፈተሻ የፋይሎቹ አቀማመጥ ሲዛባ ጥሩ ነው። ዲስኩ ራሱ እየሞተ ከሆነ ግን ከዳር እስከ ዳር ማስፈተሽ የታመመ ሰው ዳገት እንደማስወጣት ነው። መጀመሪያ ገልብጡ። ሲገለበጥም ከማይተካው ይጀመር፤ ፊልሙ ይቆይ፣ የልጆቹ ፎቶ ይቅደም። አንዱ ፋይል እምቢ ካለ ዝለሉት፣ አትታገሉት። አንድ ጓደኛዬ ደግሞ «ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው» ብሎ መከረኝ። ከፍሪዘር የወጣ ብረት ላቡን ስታዩት ምክሩ ለምን እንደማይሠራ ይገባችኋል።

የሚያስፈልገኝን ካወጣሁ በኋላ ጥፋቱን ፍለጋ ገባሁ። መጀመሪያ ገመዱን ቀየርኩ፣ የሚሰካበትንም ቀዳዳ ለወጥኩ። ብዙ ጊዜ «ዲስኩ ሞተ» የሚባለው ልል ገመድ ሆኖ ይገኛልና። ለውጥ የለም። ከዚያ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ከፈትኩ። ዲስኮች ስለራሳቸው ጤና መዝገብ ይይዛሉ፤ ስማርት ይባላል። ፕሮግራሙ ያንን አውጥቶ ያሳያል። ሰማያዊ ከሆነ ደህና ነው፣ ቢጫ ከሆነ ተጠንቀቁ፣ ቀይ ከሆነ አለቀ። የኔ ቢጫ ነበር።

ከቀለሙ ይልቅ መስመሮቹን እዩ። 05 የሚለው ዲስኩ የተበላሸ ቦታውን ስንት ጊዜ በመለዋወጫ እንደተካ ይነግራችኋል። ሲ5 ደግሞ ማንበብ ያቃተውና ውሳኔ የሚጠብቅ ቦታ ነው። ሁለቱም በአዲስ ዲስክ ላይ ዜሮ መሆን አለባቸው። በኔው 05 ላይ 184፣ ሲ5 ላይ 56 ነበር። (ቁጥሩ ከፊደል ጋር ተቀላቅሎ ከመጣባችሁ ፕሮግራሙን ወደ ተራ ቁጥር ቀይሩት፤ እኔ መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር።) ሲ7 ብቻውን የሚጨምር ከሆነ ግን ገመዱን ጠርጥሩ።

ከዚያ ዓይኔ ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ ጥግ ሄደ። ዲስኩ የሠራበት ሰዓት፦ 31,412። አንድ ዓመት 8,760 ሰዓት ነው። አስሉት፤ ሦስት ዓመት ተኩል ሳያርፍ የሠራ ዲስክ! የበራበት ጊዜ ብዛት ደግሞ 87 ብቻ። የቤት ኮምፒውተር በየቀኑ ይበራል፣ ይጠፋል። ይሄ አንዴ ከበራ ለሳምንታት የማይጠፋ ማሽን ውስጥ የኖረ ነው። የካሜራ መቅረጫ ይሁን ሰርቨር እንጃ። እኔ ቤት የመጣው ጡረታ ሊወጣ ነው።

ከረጢቱን በሙቀት መልሶ ማሸግ ቀላል ሥራ ነው፤ ስለዚህ «ፓክድ» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ከከረጢቱ አውጥታችሁ ዲስኩን ራሱን እዩት። የብሎን ቀዳዳዎቹ ዙሪያ ተፍቆ ከሆነ፣ ወርቃማዎቹ መሰኪያ ጥርሶች ላይ ጭረት ካለ፣ አንድ ሰው ቀድሟችኋል። ተለጣፊው ላይ የተመረተበትን ቀንም አንብቡ። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ሳይጫን የሚሠራ ቅጂ ስላለው ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ ይሰካ። «እዚህ አይሰካም» የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ሰዓቱም ሊሰረዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ጀርመን ውስጥ ሲጌት የተባለው ኩባንያ የሠራቸው፣ ብዙ ሰዓት ያገለገሉ ዲስኮች ቆጣሪያቸው ተሰርዞ «አዲስ ናቸው» ተብለው ሲሸጡ ተደርሶባቸዋል። ኩባንያው ለሻጮቹ ያቀረብኩት እኔ አይደለሁም አለ። ያጋለጣቸው ፋርም የሚባል ሌላ የውስጥ መዝገብ ነው፤ አጭበርባሪዎቹ እሱን አልነኩትም ነበር። ስማርትሞንቱልስ በሚባለው ፕሮግራም ሊነበብ ይችላል። ስለዚህ ዜሮ ሰዓት አይታችሁ፣ ብሎኑ አካባቢ ግን ጭረት ካለ፣ ጭረቱን እመኑ።

እኔ ዲስኩን ይዤ ተመለስኩ። ሻጩ ስክሪኑን ፎቶ አንስቼ ሳሳየው ብዙም አልተከራከረም። «ይቅርታ ወንድሜ፣ ተቀላቅሎ ነው» ብሎ ከመደርደሪያው ሌላ አወረደ፣ ያው ብርማ ከረጢት። «ይሄኛው ግን ፓክድ ነው።» እዚሁ ይሰካ አልኩት። እያቅማማ ሰካው። 22,870 ሰዓት። ብሬን መልስልኝ አልኩ። 7,000 መለሰልኝ፤ ለቀሪው ደረሰኝ አልነበረኝም።